ለደረቅ (ለጭነት መኪና) መንጃ እየሠለጠንኩ ነው፤ ዳገት ላይ ማስነሳትና ወደ ኋላ መንዳት አልሆነልኝም (ጅማ)

የአጋሮ ረዳት
ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወንድሞቼና እህቶቼ።

ከአጋሮ ጅማ፣ ከጅማ ሊሙ ገነት እያልኩ አምስት ዓመት በአይሱዙ ላይ ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። ቡና ጭኛለሁ፣ ሸራ ወጥሬያለሁ፣ ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ ተኝቼ ጎማ ፈትቻለሁ። ሾፌሬ ጥሩ ሰው ስለነበር መጋዘን ግቢ ውስጥ መኪናውን ያስጠጋኝ ነበር፤ መንገድ ላይ ግን "መንጃ ስታወጣ" እያለ አንድም ቀን መሪ አልሰጠኝም። አሁን እቁቤ ደረሰኝና ጅማ ማሠልጠኛ ገብቻለሁ።

ችግሬ ሦስት ነው። አንደኛው ዳገት ላይ አቁሞ ማስነሳት። የማሠልጠኛው መኪና የንፋስ ፍሬን ነው፣ እኔ የለመድኩት አይሱዙ ደግሞ የዘይት። ፍሪሲዮኑን ስለቅ ወይ ይጠፋብኛል ወይ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ሁለተኛው የኋላ ማርሽ ነው፤ ወደ ፓርኪንጉ ሳስገባ የቀኙን ምሰሶ ሁልጊዜ እነካለሁ። ሦስተኛው የጽሑፉ ፈተና። ትምህርት ካቆምኩ ስምንት ዓመት ሆኖኛል፣ ማንበብ ላይ ቀርፋፋ ነኝ፣ የኮምፒውተር ማውዝ በእጄ ነክቼ አላውቅም።

ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። ያለፋችሁበት እባካችሁ ምከሩኝ።

ቡና ጫኝ
ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 2:31

አይዞህ ወንድሜ። አምስት ዓመት ረዳት የነበረ ሰው ብዙውን ያውቀዋል፣ ጭነት ሲያጋድል ወገቡ ይነግረዋል። ትልልቆቹ ይመጡልሃል፣ ጠብቅ።

ሠላሳ ዓመት መሪ ላይ
ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 4:05

ልጄ፣ ከዳገቱ እንጀምር፣ እሱ ቀላሉ ነው።

የንፋስ ፍሬን ባለው መኪና ዳገት የሚያዘው በእግር ሳይሆን በእጅ ፍሬን ነው። መኪናውን አቁም፣ የእጅ ፍሬኑን ያዝ፣ እግርህን ከፔዳሉ አንሳና ዝም ብለህ ተቀመጥ። አይሄድም። ይህን ልብህ ሳያምን ወደሚቀጥለው አትለፍ፤ ብዙ ተማሪ እግሩ የሚንቀጠቀጠው መኪናው በእጅ ፍሬን መቆሙን ስለማያምን ነው።

ከዚያ አንደኛ አስገባና ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገህ ወደ ላይ አምጣ። አንድ ቦታ ስትደርስ የሞተሩ ድምፅ ወፈር ይላል፣ የአርፒኤም (የሞተር ዙር) መርፌዋ ትንሽ ዝቅ ትላለች፣ ጋቢናው ደግሞ ከፊት ቀና ይላል። እግርህ እዚያ ላይ ይቁም። ነዳጅ ጥቂት ጨምርና የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ፤ "ጽሽሽ" ይላል። መኪናው የሚጠፋብህ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ድምፁን እንደሰማህ ፍሪሲዮኑን ትለቀዋለህ፤ ጎማው ግን ገና አልተለቀቀም፣ ንፋሱ ገብቶ ፍሬኑን እስኪከፍተው ቅጽበት ይፈልጋል። "ጽሽሽ" ሲል በልብህ "አንድ" በልና ከዚያ ልቀቅ።

ለልምምድ፣ ሜዳ ላይ ነዳጅ ሳትነካ በፍሪሲዮን ብቻ 20 ጊዜ አስነሳ። አስተማሪህ ቢሰለችም ለምነው። እግርህ ያን ቦታ ካወቀው ዳገትና ሜዳ አንድ ይሆንብሃል።

አሁን ፈተናው የማይጠይቅህን ልንገርህ፣ ምክንያቱም እኔ የምፈራልህ ለሱ ነው። አንተ የምትጨነቀው ስለመውጣት ነው። ሰው የሚያልቀው ሲወርድ ነው።

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ አሰንዳቦን፣ ሰኮሩን አልፈህ አበልቲ ስትደርስ መሬቱ ከፊትህ ይከፈታል፤ ታች ግቤ አለ። መንጃ ባወጣሁ በመጀመሪያው ዓመት በኤንትሬ ፊያት ቡና ጭኜ እዚያ ደረስኩ። መንገዱ ባዶ፣ ጠዋቱ ብሩህ ነበር፤ በያዝኩት ማርሽ ዝም ብዬ ገባሁበት። ሲፈጥንብኝ ፍሬን ያዝ፣ ለቀቅ፣ ያዝ፣ ለቀቅ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ የተቃጠለ ጨርቅ የሚመስል ሽታ ጋቢናው ውስጥ ገባ። ረዳቴ "ጋሼ ምን ይሸታል?" አለኝ። ሌላ መኪና ይሆናል አልኩት። ቀጥሎ ፔዳሉን ስረግጠው እግሬ ሥር እንደወትሮው ነው፣ መኪናው ግን አልሰማኝም። ማርሽ ላወርድ ከአራተኛ ነቀልኩ፤ ሦስተኛ እንቢ አለ። ወደ አራተኛ ልመልስ ብል እሱም እንቢ አለ። ጭነት ሙሉ፣ ማርሽ ባዶ፣ ቁልቁለት።

በግራ በኩል ገደል፣ በቀኝ የመንገድ ሠራተኞች የቆለሉት አፈር ነበር። ቀኙን ጎን አፈሩ ላይ አስደግፌ እየፈጨሁ አቆምኩት። እኔ ደህና ነበርኩ። ረዳቴ በበሩ በኩል ስለነበር ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ዛሬም ብርድ ሲሆን ያመዋል፤ ቡና ስንጠጣ ስኒውን በግራ እጁ ነው የሚያነሳው። አንድ ቀን ወቅሶኝ አያውቅም፤ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ያቺ ኩርባ ትመጣብኛለች።

ስለዚህ፦ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ውረደው። ማርሹንም ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ሜዳው ላይ ያዝ። ከገባህበት በኋላ ካምቢዮ አይታዘዝህም። ሞተሩ ይያዝህ፣ የጭስ ፍሬን (የጭስ መውጫውን አጥብቦ ሞተሩ እንዲይዝ የሚያደርገው) ካለውም አብራው። የእግር ፍሬን ሲያስፈልግህ ጠበቅ አድርገህ ፍጥነቱን አውርድና ፈጽመህ ልቀቅ፣ ይቀዝቅዝ። እግርህን ፔዳሉ ላይ አሳርፈህ አትውረድ።

የአጋሮ ረዳት
ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 4:40

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለቴ አነበብኩት። "አንድ" የምትለዋን ነገ እሞክራታለሁ። ረዳትዎን ሰላም በሉልኝ፣ እኔም በዚያ በር በኩል ነው አምስት ዓመት የተቀመጥኩት።

የፈረንጅ አራዳ መካኒክ
ጥቅምት 5፣ ከጠዋቱ 1:50

ጋሼ የጻፉትን ከጋራዥ በኩል ላጠናክር።

ፍሬን መኪናን የሚያቆመው እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት እየለወጠ ነው። ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት) ሲግል ይሰፋል፣ ስለዚህ እሱን የሚይዘው የፍሬኑ ሸራ ለመድረስ ይበልጥ መሄድ አለበት፤ ሸራው ራሱም ሲቃጠል ይንሸራተታል። የዘይት ፍሬን ቢሆን ፔዳሉ ሲረዝም እግርህ ያውቀዋል። በንፋስ ፍሬን ግን ፔዳሉ ያው ነው፣ ጋሼ "እንደወትሮው ነው" ያሉት ለዚህ ነው። ከአይሱዙ ለሚመጣ ሰው ትልቁ ልዩነት ይህ ነው፤ እግርህ አያስጠነቅቅህም። ዓይንህ የፍጥነት መርፌው ላይ፣ አፍንጫህ ሽታው ላይ ይሁን።

አሁን ወደ ንፋሱ። ጠዋት መኪናውን ከማንቀሳቀስህ በፊት ከሻንሲው ጎን ያሉትን የንፋስ ታንኮች ተመልከት። ከታቻቸው ቀለበት ያላት ትንሽ መክፈቻ አለች። ጎን ጎኗን ጎተት ስታደርጋት ንፋስ ይወጣል፣ ከንፋሱ ጋር ውኃ። ጅማ እርጥብ አገር ነው፣ ኮምፕሬሰሩ የሚስበው አየር ውኃ ይዞ ይገባና ታንኩ ውስጥ ይጠራቀማል። ያ ውኃ ቫልቮቹን ያዝጋል፣ ቦታም ይይዛል፤ ውኃ የያዘው ቦታ ንፋስ አይይዝም። ንጹሕ ውኃ ከወጣ ደግ ነው። ቡና በወተት የመሰለ ከወጣ ዘይት ተቀላቅሎበታል፣ ኮምፕሬሰሩ መታየት አለበት። ዝም ብለህ አትነሳ።

ቀጥሎ፦ ጎማውን በታኮ (ከጎማ ሥር በሚገባ ሽብልቅ) ያዝ፣ ሞተር አስነሳ፣ ንፋሱ 8 ባር ገደማ ይሙላ። ሞተር አጥፋ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ፣ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጠህ አንድ ደቂቃ ያዝና መርፌዋን ተመልከት። መጀመሪያ ትንሽ ወርዳ ከቆመች ጥሩ ነው። እያየሃት የምትወርድ ከሆነ የሚያፈስ ቦታ አለ፣ ጸጥ ካልክ ትሰማዋለህ። ረዳት ካለህ መኪናውን ዞሮ ያዳምጥ።

ፈታኝ "ንፋስ ቢያልቅ ምን ይሆናል?" ሊልህ ይችላል። ብዙ ሰው "ፍሬን አይዝም" ይላል። ዛሬ በምንሠራባቸው መኪኖች የኋላ ጎማዎቹን የሚይዘው የእጅ ፍሬን በጠንካራ ሞላ ነው የሚሠራው፤ ንፋሱ ያንን ሞላ ገፍቶ ነው የሚከፍተው። ንፋስ ሲያልቅ ሞላው ይለቀቅና መኪናው ይቆልፋል። ለዚህ ነው ጠዋት ንፋስ ሳይሞላ መኪናው አልሄድ የሚልህ። መርፌዋ ቀዩ ውስጥ ከሆነች፣ የማስጠንቀቂያው ጩኸትም ካልቆመ፣ አትታገለው።

አንድ ነገር ልርሳ ስል ትዝ አለኝ። የቸርኬ ቡሎኖች ላይ ቀይ የዝገት መስመር እንደ እንባ ወርዶ ካየህ ያ ቡሎን ላልቷል። ከኋላ ጥንድ ጎማዎች መሃል የተሰነቀረ ድንጋይም ፈልግ፤ ሲፈናጠር ከኋላ ያለውን መኪና መስታወት ያወርዳል።

የጅሬኗ
ጥቅምት 5፣ ከቀኑ 7:15

እኔ ዓምና ነው ያለፍኩት። አሁን ገልባጭ እነዳለሁ፣ አሸዋና ጠጠር ለሕንፃ ሥራ አመላልሳለሁ። ስለ ጽሑፉ ፈተና እኔ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ብዙ ወንዶች አብረውኝ የወደቁት እሱ ላይ ነው። መንዳት የሚችል ሰው ይንቀዋል።

እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ካሉት ኮምፒውተር ቤቶች አንዱ ጋ ሁለት ቀን ሄደህ ማውዝ ብቻ ተለማመድ። እኔ ስዕል ስስልበት ነበር የዋልኩት። ፈተና ቀን ጭንቅላትህ ጥያቄው ላይ እንጂ እጅህ ላይ መሆን የለበትም።

ምልክቶቹን በቃል አትሸምድ፣ በቅርጽ ለያቸው። ባለ ሦስት ማዕዘኑ ያስጠነቅቅሃል። ክቡ ያዝሃል ወይም ይከለክልሃል። አራት ማዕዘኑ ይነግርሃል። "ቁም" የሚለው ብቻውን ስምንት ማዕዘን የሆነው ጭቃ ቢሸፍነውም፣ ከጀርባው ብታየውም በቅርጹ እንድታውቀው ነው። ምክንያቱን ስታውቅ አይረሳህም።

ጥያቄውን ሁለቴ አንብብ። "ትክክል የሆነው የቱ ነው" እና "ትክክል ያልሆነው የቱ ነው" የሚሉት ይመሳሰላሉ፤ ቀርፋፋ አንባቢ መሆንህ እዚህ ይጠቅምሃል፣ ቸኩለህ አታልፈውም። የአሽከርካሪ ሥነ ባህሪውን ክፍል "ይህማ ቀላል ነው" ብለህ አትዝለለው። የመጀመሪያ እርዳታውንም።

ፍጥነትን በሚመለከት አንዲት ሒሳብ ብቻ ያዝ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄድ በእያንዳንዱ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ትጓዛለህ። ልጅ ዘሎ ሲገባ አይተህ እግርህ ፍሬኑ እስኪደርስ ከአንድ ሰከንድ በላይ ያልፋል። መኪናው መቆም ሳይጀምር አንድ ባለ ተሳቢ የሚያህል መንገድ ሄደሃል። 60ውን 80 ስታደርገው ደግሞ ፍሬኑ የሚያጠፋው ጉልበት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት እግሬ ራሱ ይነሳል።

ለእህቶች፣ እዚህ የምታነቡ ካላችሁ፦ "ሴት ልጅ ደረቅ ምን ያደርግላታል" ብለውኝ ያውቃሉ፣ ቤተሰብም ጭምር። መሪው ዛሬ በጉልበት አይዞርም። ወንበሩን አስጠጉት፣ ፍሪሲዮኑ እስከ ታች ሲረገጥ ጉልበታችሁ ትንሽ እንደታጠፈ ይቅር። በቃ።

የኮቺ ባጃጅ
ጥቅምት 5፣ ከቀኑ 9:02

እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ። እህታችን ገልባጭ እነዳለሁ ስላለች አንድ ነገር ልጠይቅ። በቀኝ በኩል ከጎናችሁ ስንሆን ታዩናላችሁ ወይስ አታዩንም? እኔ ሁልጊዜ የሚያዩኝ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው አንዱ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ከጠርዙ ድንጋይ ጋር አጣበቀኝ፤ ተሳፋሪዬ ዘላ ወረደች። ሰውየው ወርዶ ሲያየኝ ከልቡ ደነገጠ፣ እንዳላየኝ ፊቱ ይናገር ነበር።

የጅሬኗ
ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 1:20

ወንድሜ እንኳን ተረፋችሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ከቀኝ በር ሥር ያለው ቦታ አይታየኝም። ባጃጅህን ከኋላ ስትመጣ በስፖኪዮዬ አያታለሁ፣ ከዚያ ከበሩ ጎን ስትደርስ ትጠፋለች፣ እንደገና የማያት ከፊቴ ስትወጣ ነው። በዚያ መሃል አንተ የለህም። በመስታወቴ ውስጥ ፊቴን ካላየህ እኔም አላየሁህም፣ ይህን ለጓደኞችህ ንገርልኝ።

ላንተም የአጋሮ ረዳት፦ ረጅም መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊቱን መንገድ አይከተልም፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ስለዚህ ሰፋ አድርገህ ትገባለህ፤ ሰፋ ስታደርግ ደግሞ በቀኝህ ባዶ ቦታ ይከፈትና ባጃጅና ጋሪ ይገባበታል። ከመዞርህ በፊት ፍሬቻ፣ ቀኝ ስፖኪዮ፣ ዘግየት፣ እንደገና ቀኝ ስፖኪዮ። ሁለተኛው እይታ ነው ሰው የሚያድነው።

የሜዳው አስተማሪ
ጥቅምት 6፣ ከጠዋቱ 3:30

እኔ በማሠልጠኛ የተግባር አስተማሪ ነኝ፣ የየትኛው እንደሆነ ይቅር። የቀኙን ምሰሶ የምትነካው መሪውን ዘግይተህ ስለምትመልሰው ነው። ተማሪዎቼን የማያቸው መኪናው ሲስተካከል ጠብቀው ነው የሚመልሱት። መኪናው ቀጥ ከማለቱ በፊት መመለስ ጀምር፤ መሪው ቀጥ እስኪል መኪናው መዞሩን አያቆምም።

ፍጥነትህ ከሰው እርምጃ ያነሰ ይሁን። መሪ አዙር፣ መኪናው መልስ እስኪሰጥህ ጠብቅ። ስፖኪዮ ላይ የመኪናውን ጎንና ምሰሶውን ብቻ ሳይሆን የኋላ ጎማህን ፈልግ፤ ጎማው የሚሄድበትን ካወቅህ ሌላው ይከተላል። በልምምድ ጊዜ ካልገባህ ቁም፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ወርደህ እይ። ምሰሶው የት እንዳለ በዓይንህ ካየህ በኋላ መስታወቱ የሚነግርህ ይገባሃል። ከዚያ በኋላ ደረቅ 3 ካሰብክና ተሳቢ ስትይዝ አንድ ዘዴ አለ፦ እጅህን ከመሪው ታች አድርግ። የተሳቢው ጀርባ ወደ ግራ እንዲሄድ ከፈለግህ እጅህን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ከሆነ ወደ ቀኝ።

የጅቡቲ መስመር
ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 3:44

አስተማሪ፣ ያልከው ለከፊል ተሳቢ እውነት ነው፤ ማለት ተሳቢው ፊቱን በጎታቹ ጀርባ ላይ አሳርፎ አንድ ቦታ ብቻ የሚታጠፈው። እኛ አገር ብዙ ጊዜ የምታየው ግን መኪናው ራሱ ጭኖ፣ ከኋላው ደግሞ የራሱ የፊት ጎማ ያለው ተሳቢ በብረት ዘንግ የሚጎትተውን ነው። ያ ሁለት ቦታ ይታጠፋል፤ አንዴ መንጠቆው ላይ፣ አንዴ የተሳቢው የፊት ጎማ ላይ። ስለዚህ ዘዴው ይገለበጣል። ለከፊሉ የለመደ ሰው ወደዚህ ሲመጣ ዘንጉን ያጣምመዋል፣ እኔ ጋላፊ ላይ ስንቱን አይቻለሁ።

ለልጁ የምለው፦ ከእንጨት ሥራ ፍርፋሪ ለምን፤ ጅማ በርጩማ የሚሠራ ሰው አይጠፋም። ሦስት ቁራጭ እንጨት በሽቦ አያይዝና ጠረጴዛ ላይ እየገፋህ ተመልከት። እኔ እንደዚያ ነው የተማርኩት፣ ልጆቼ ሲጫወቱበት ነበር። በሁለቱም ዓይነት ሥራ፣ ልዩነቱን ጣትህ ያውቀዋል።

የሜዳው አስተማሪ
ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 4:01

ልክ ነህ ወንድሜ፣ መለየት ነበረብኝ። አመሰግናለሁ። እንጨቷን ነገ ለተማሪዎቼ እሠራለሁ።

ቶሎ ጨርስ
ጥቅምት 7፣ ከቀኑ 6:12

ይህን ሁሉ ምን አደከማችሁ። ወንድሜ፣ ገንዘቡ ካለህ ጨርስና መንጃህን ያዝ። መንዳቱን መንገድ ላይ ትለምደዋለህ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የለመደው።

የአጋሮ ረዳት
ጥቅምት 7፣ ከቀኑ 7:40

ወንድሜ፣ ልቆጣህ አይደለም፣ ያየሁትን ልንገርህ። ሾፌሬ ታሞ አንድ ወር ሌላ ሰው ተተክቶ ነበር። መንጃውን እንዴት እንዳገኘው ራሱ ነግሮኛል። ሊሙ መንገድ ላይ ዳገት ላይ ባቆመ ቁጥር መኪናው ወደ ኋላ ይመጣል። እኔ ዘልዬ እወርዳለሁ፣ ታኮ ይዤ ከኋላ ጎማው ጋር እሮጣለሁ። 50 ኩንታል ወደ አንተ እየመጣ ከጎማው ሥር ድንጋይ ማስገባት ምን እንደሆነ የሚያውቀው የሠራው ነው። እጅህን መቼ እንደምታወጣ ነው የምታስበው። አንድ ቀን ዝናብ ነበር፣ ድንጋዩ ከእጄ ተንሸራተተ። ድንጋዩ ሳይሆን ቦይ ነው ያዳነን።

ስለ ዳገቱ መጀመሪያ የጠየቅሁት ለዚህ ነው። ማንም ሰው ከኔ ኋላ ድንጋይ ይዞ እንዲሮጥ አልፈልግም።

ድንገተኛ ክፍል
ጥቅምት 7፣ ከምሽቱ 2:55

ነርስ ነኝ። "መንገድ ላይ ትለምደዋለህ" የሚለው ቃል ስለከነከነኝ ነው የገባሁት። የሚለመድበት ሰው እኛ ጋ ይመጣል። የአጋሮ ረዳት፣ በርታልን።

ሠላሳ ዓመት መሪ ላይ
ጥቅምት 7፣ ከምሽቱ 4:20

ልጄ፣ ያን ቦይ ያቆመልህ አምላክ ይመስገን። አንድ ነገር ግን አደራ። ታኮ ብለህ መንገድ ላይ ያስገባኸውን ድንጋይ ስትነሳ አንሳው። ለምልክት ያነጠፍከውን ቅጠልና ቅርንጫፍም እንዲሁ። ማታ ያለ መብራት የቀረ ድንጋይ ስንቱን ሞተረኛ ጥሏል። አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን ይኑርህ፣ ታኮህም ከእንጨት ተሠርቶ ከመኪናው ጋር የሚዞር ይሁን።

ቡና ጫኝ
ጥቅምት 9፣ ከጠዋቱ 4:00

አንድ የሚያከራክረን ነገር አለ። አለቆቻችን ቁልቁለት ላይ በፎሌ (ማርሽ ባዶ አድርጋችሁ) ውረዱ፣ ናፍጣ ይቆጥባል ይላሉ። እውነት ነው?

የፈረንጅ አራዳ መካኒክ
ጥቅምት 9፣ ከቀኑ 8:10

አይደለም። ማርሽ ውስጥ ሆነህ ነዳጅ ፔዳሉን ስትለቅ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው፣ ፖምፓው ናፍጣ መላኩን ያቋርጣል። ፎሌ ላይ ስታደርገው ግን ሞተሩ በራሱ ለመሥራት ናፍጣ ይጠጣል። ስለዚህ አትቆጥብም፣ ሞተሩ ይይዝልህ የነበረውን ጭነት ሁሉ ግን ለታምቡሩ ትሰጠዋለህ። ሸራ፣ ታምቡርና ጎማ ምን ያህል እንደሚገዛ አለቃህ ያውቃል፤ በዚያ በኩል ንገረው፣ ይሰማሃል።

የጅሬኗ
ጥቅምት 9፣ ከምሽቱ 1:35

ዝናብ ስለጀመረ ይህችን ልጨምር። ከብዙ ፀሐይ በኋላ የሚወርደው የመጀመሪያ ካፊያ ከከባዱ ዝናብ ይብሳል። አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ይረጥብና ሳሙና ይሆናል፣ በደንብ ሲዘንብ ነው የሚታጠበው። ፈተናህ በካፊያ ቀን ከዋለ ሁሉን ነገር ቀስ አድርገው።

የአጋሮ ረዳት
ጥቅምት 27፣ ከምሽቱ 1:15

ሰላም ቤተሰብ። ውጤቴን ልነግራችሁ መጥቻለሁ።

ጽሑፉን አልፌያለሁ። "ያልሆነው" የሚል ቃል ያለባቸው ብዙ ነበሩ፣ እህቴን እያሰብኩ ሁለቴ ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ከሁሉም በኋላ ነው የጨረስኩት፣ ግን ጨረስኩት።

ተግባሩ ላይ ዳገቱን አስነሳሁ። "ጽሽሽ" ሲል "አንድ" አልኩ፣ ድምፅ አውጥቼ ሳይሆን አይቀርም፣ ፈታኙ ዞር ብሎ አየኝ። አንዲት ጣት ወደ ኋላ አልሄደም። ፓርኪንጉንም ምሰሶ ሳልነካ ገባሁ። ከዚያ ደስታ ያዘኝ መሰለኝ፣ ከቆምኩበት ወደ መንገዱ ስወጣ የግራ ፍሬቻ ሳላሳይ፣ ስፖኪዮም ሳላይ ወጣሁ። ፈታኙ ፍሬን አስያዘኝ። ከኋላዬ ሞተር ሳይክል እየመጣ ነበር፣ እኔ አላየሁትም። ወድቄያለሁ። ልክ ነው የጣለኝ። ሁለት ሳምንት ቆይቼ እንደገና እፈተናለሁ።

ሞተረኛው ሲያልፍ ልጅ ነበር ከኋላው የያዘው። ከፈተናው ይልቅ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

የጅሬኗ
ጥቅምት 27፣ ከምሽቱ 1:50

እንቅልፍ የነሳህ መሆኑ ደስ አለኝ ወንድሜ፣ በክፉ አትይብኝ። እኔ አሁንም ከመነሳቴ በፊት "ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ትከሻ" ብዬ እቆጥራለሁ። ትከሻ ማለት አንገትን አዙሮ ማየት ነው። ባዶ ሜዳም ላይ ሁን፣ መንገዱ ላይ ማንም አይኑር፣ ቁጠር። በሁለት ሳምንት አፍህ ይለምደዋል።

ሠላሳ ዓመት መሪ ላይ
ጥቅምት 27፣ ከምሽቱ 3:05

ልጄ፣ ዳገቱን ያለ ድንጋይ ወጣህ፣ ለኔ ይህ ይበቃኛል። ፍሬቻው ይመጣል።

ማክሰኞ ቡና ጭኜ ወደ አዲስ አበባ እወጣለሁ። ፈተናህ እስኪደርስ ሥራ ከሌለህ ከጎኔ ና። መሪ አልሰጥህም፤ አበልቲ ላይ አቁሜ፣ ወርጄ ጎማና ታምቡር ዳስሼ፣ ማርሹን ይዤ ስገባ ግን ታያለህ። ግቤ ድልድይ እስክንደርስ ፍሬን ስንቴ እንደያዝኩ ቁጠርልኝ። ከመርካቶ ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው የምንነሳው። ረዳቴ ያ ክንዱ የተሰበረው ነው፣ ዛሬም አልተለየኝም፤ በሩን ለአንድ ቀን ይለቅልሃል።

የአጋሮ ረዳት
ጥቅምት 27፣ ከምሽቱ 3:12

እመጣለሁ ጋሼ። ከ11 በፊት እዚያ እገኛለሁ። ታንኮቹን እኔ አፈሳቸዋለሁ፣ እርስዎ ጋቢና ውስጥ ይቆዩ፣ ብርድ ነው።